ግልጽ ደብዳቤ ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር፦ ክለቦቻችን ልጅ ያሳድጉ

ይድረስ ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር፣

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ፣ አንድ ትምህርት ቤት ጓሮ፣ የሰፈር ልጆችን ቅርጫት ኳስ አሰለጥናለሁ። ደመወዝ የለውም። ሜዳው አስፋልት ነው። አንደኛው ቅርጫት መረብ የለውም፤ ሌላኛው ወደ ግራ ተጣሟል። ልጆቹ ጥመቱን ስለለመዱት ኳሷን ትንሽ ወደ ቀኝ አድርገው ነው የሚወረውሯት። ደህና ሜዳ ሲያገኙ ታዲያ ለጥቂት ቀን መሳት ይጀምራሉ።

ከልጆቹ አንዱ 16 ዓመቱ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ97 ደርሷል፤ ገና እያደገም ነው። አምና ጫማ ልገዛለት መርካቶን አብረን ዞርን። 47 ቁጥር አጣን። እናቱ የድሮውን ጫማ ጫፉን በምላጭ ቆርጣ ጣቶቹ እንዲወጡ አደረገችለት። አሁንም በእሱ ነው የሚጫወተው። እንዲህም ሆኖ ኳስ ይዞ ሲዞር ብታዩት ትገረማላችሁ። ዓይኑ ሁሌም ነጻ የሆነውን ልጅ ነው የሚፈልገው። ይህን እኔ አላስተማርኩትም።

በቀደም ወደ አንድ ክለብ ይዤው ሄድኩ። አሰልጣኙ ጨዋ ሰው ነው። አየው፣ ወደደው። ከዚያ ወደ ጎን ጠራኝና «ልጁ ጎበዝ ነው። እኔ ግን ዘንድሮ ውጤት ካላመጣሁ እባረራለሁ። የምፈልገው ያለቀለት ተጫዋች ነው» አለኝ። አልተቀየምኩትም። እውነቱን ነው የነገረኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝም ያ ንግግሩ ነው። ያለቀለት ተጫዋች የሚፈልግ ሞልቷል፤ ከጅምሩ የሚይዘው ማን ነው?

ሌላው ዓለም ይህን ጥያቄ እንዴት እንደመለሰው ልንገራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አሜሪካ ውስጥ ልጅ የሚያሳድገው በአብዛኛው ትምህርት ቤቱና ዩኒቨርሲቲው ነው። ኤንቢኤ የሚባለው የአሜሪካ ትልቁ ሊግ ክለቦች በየዓመቱ ድራፍት በሚሉት ምርጫ ወጣቶችን በተራ ይወስዳሉ። ደካማ ውጤት የነበረው ቡድን ቀድሞ የመምረጥ ዕድሉ ሰፊ ነው። የደመወዝ ጣሪያም አለ፤ ሀብታሙ ክለብ ኮከቦችን ሁሉ ሰብስቦ እንዳይወስድ። ዴንቨር የሚባለው ክለብ በ2014 ኒኮላ ዮኪችን በ41ኛ ተራ፣ በ2016 ጀማል መሪን በ7ኛ ተራ መረጠ። በ2023 ሁለቱን ይዞ በታሪኩ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሳ። ከመጀመሪያው ምርጫ እስከ ዋንጫው ዘጠኝ ዓመት ነው። በመሀል ትዕግሥት ያጣ አመራር ቢኖር ኖሮ ሁለቱም የሌላ ክለብ ተጫዋቾች በሆኑ ነበር።

አውሮፓ ድራፍት የለም። ስለዚህ ክለቡ ራሱ ያሳድጋል። ዮኪች ድራፍት ከመግባቱ በፊት የተጫወተበት የቤልግሬዱ ሜጋ ክለብ ዋና ሥራው ይኸው ነው። ወጣት ያሰልፋል፣ ያሳያል፣ ከዚያ ለትልልቆቹ ይሸጣል። የሪያል ማድሪድ ቅርጫት ኳስ ክለብ ሉካ ዶንቺችን ከስሎቬኒያ የወሰደው በ13 ዓመቱ ነው። በ16 ዓመቱ ከትልልቆቹ ጋር አሰለፈው። በ2018 ዩሮሊግ የሚባለው የአውሮፓ ክለቦች ውድድር ሻምፒዮን ሲሆኑ ልጁ 19 ዓመቱ ነበር፤ የውድድሩ ኮከብም እሱ ሆነ። እኔን የሚገርመኝ በ13 ዓመቱ መውሰዳቸው አይደለም። ያን የሚያህል ክለብ፣ በየሳምንቱ ማሸነፍ ግዴታው የሆነ ክለብ፣ ለ16 ዓመት ልጅ የጨዋታ ደቂቃ መስጠቱ ነው።

አሜሪካ ትምህርት ቤት ያሳድጋል፤ አውሮፓ ክለብ ያሳድጋል። እኛ ጋ የተጣመመ ቅርጫት ያለው ሰፈር ነው የሚያሳድገው። ሰፈር ደግሞ በጀት የለውም። ድሮ አራት ኪሎ ወወክማ የሚባለው የወጣቶች ማኅበር ብዙ ልጅ ኳስ ያስያዘ ቤት እንደነበር ታላላቆቻችን ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ያን የመሰለ ቤት አሁን የት ነው ብትሉኝ መልስ የለኝም።

ወደ አህጉራችን ልምጣ። የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ በ2021 ኪጋሊ ላይ ሲጀመር ከአንድ ቡድን 13 ተጫዋቾች ቢያንስ 9ኙ የአገሩ ዜጎች እንዲሆኑ ደነገገ። በ2022 ደግሞ ሌላ ነገር ጨመረ፤ ሴኔጋል ካለው የኤንቢኤ አካዳሚ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ አንድ ታዳጊ ሰጠ። ከነዚያ ታዳጊዎች አንዱ ካማን ማሉዋች ነው። ደቡብ ሱዳን ተወልዶ ኡጋንዳ ያደገ ልጅ ነው። ኳስ የጀመረው በ13 ዓመቱ ገደማ ነው። ክሮክስ በሚባል ነጠላ ጫማ እንደጀመረ ራሱ ይናገራል። በ15 ዓመቱ በዚያ ሊግ ተጫወተ። በ17 ዓመቱ ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ ነበር። በ2025 በኤንቢኤ ድራፍት 10ኛ ሆኖ ተመረጠ። የልጁን ነጠላ ጫማ ታሪክ ስሰማ የእኛ ልጅ የተቆረጠ ጫማ ነው ትዝ ያለኝ። ልዩነቱ ለአንደኛው በአንድ ቡድን ውስጥ ወንበር ተይዞለት ነበር።

አንድ ሌላ ስም ልጥቀስ፤ ኑኒ ኦሞት። ወላጆቹ በጦርነት ጊዜ ከኢትዮጵያ ወጥተው ኬንያ ተሰደዱ። እሱ እዚያ መጠለያ ውስጥ ተወልዶ አሜሪካ ሚኒሶታ አደገ። በ2023 ከግብጹ አል አህሊ ጋር የአፍሪካ ሊግን ዋንጫ ወሰደ፤ የውድድሩ ኮከብም ተባለ። ፓሪስ ላይ ለደቡብ ሱዳን ተሰለፈ። በእሱ ደስ ብሎኛል፣ ምርጫውም መብቱ ነው። ግን ጋምቤላ ውስጥ ዛሬ ኳስ የሚያነጥሩትን ልጆች ሳስብ ሆዴ ይባባል። እነሱም መንገዱ እንዲከፈትላቸው መሰደድ አለባቸው? የጎረቤታችን የኬንያ ክለብ በ2025 በዚያ ሊግ ተጫውቷል። የእኛ ክለብ ግን እስከዚያ ዓመት አንድም ጊዜ እዚያ መድረክ ላይ አልታየም።

የምለምናችሁ ይህ ነው። ብዙዎቹ ክለቦቻችን የሚኖሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ተቋማት በጀት ነው። ገንዘቡ የሕዝብ ከሆነ ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ከቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽኑ ጋር ተነጋገሩና በሕዝብ በጀት የሚኖር ክለብ ሁሉ ከ17 ዓመት በታች የወንድም የሴትም ቡድን ይኑረው በሉ። ከዋናው ቡድን ስብስብ ሁለት ቦታ ክለቡ ራሱ ላሳደጋቸው ይያዝ። ስማቸው ወረቀት ላይ እንዲሞላ ብቻ እንዳይሆን ደግሞ የተጫወቱበት ደቂቃ ይቆጠር። ያ ጨዋ አሰልጣኝም በዓመቱ መጨረሻ ሲገመገም ስንት ታዳጊ እንዳሰለፈ ይጠየቅ። እንዲህ ከሆነ የእኔን ልጅ መቀበል ከሥራ አያስባርረውም።

ክለቡም ያሳደገውን ልጅ ሌላው በነጻ እንዳይወስድበት የማሳደጊያ ካሳ ይወሰንለት። ያለዚያ ማንም ለሌላው ብሎ አይደክምም።

አንዳንድ ሰው «ከዋሽንግተንና ከሚኒሶታ ልጆቻችንን እናምጣ» ይላል። ይምጡ፣ ደስ ይለናል። ደቡብ ሱዳን በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው ኦሊምፒክ የደረሰችው። ግን እነሱን ያሳደጋቸው የሌላ አገር ትምህርት ቤት ነው። እዚህ ያለው ልጅ እዚህ ነው የሚጠብቀን።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ሜዳው ላይ ነን። ከመሥሪያ ቤታችሁ አንድ ሰው መጥቶ ቢያይ ደስታዬ ነው። ልጁን ለመለየት አይቸገርም፤ ከሁሉም ረጅሙ ነው፣ ጣቶቹም ከጫማው ወጥተው ይታያሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሰፈር ታዳጊዎች አሰልጣኝ፣ አዲስ አበባ