ብርህን ሌንሱ ላይ አውለው

ውድ ልጄ፣

ትናንት ማታ ስትደውል ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ሐሳቤን ሳልጨርስ ቀረሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ። «እማዬ፣ ብሩ ሞላልኝ፤ አዲስ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ካሜራ፣ አብሮት ከሚሸጠው ኪት ሌንስ ጋር ልገዛ ነው» አልከኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከደሞዝህ እየቆነጠርክ እንዳጠራቀምከው አውቃለሁ። ለዚህ ነው የምለምንህ፦ ይህን ሳታነብ እንዳትከፍል።

እዚህ ደሴ ፎቶ ቤት የሠራሁባት ዜኒት ካሜራ ትዝ ትልሃለች? በ1976 ዓ.ም. ነው የገዛኋት። የመዝጊያዋ ጨርቅ ተቀዶ ከሥራ ከወጣች ስንት ዘመኗ! ሌንሷ ግን አለች። ሄልዮስ ናት፣ 58 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 2። ዛሬም ወደ መስኮቱ ይዤ ሳያት ጥርት ያለች ናት። ቦዲ፣ ማለትም ካሜራው ራሱ፣ ያረጃል፣ በየጊዜውም አዲስ ይወጣለታል። ጥሩ ሌንስ ግን ከያዙት ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

የጓደኛህን ካሜራ ተውሰህ ያነሳኸውን የክርስትና ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ደጅ ላይ ያነሳሃቸው ያምራሉ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያሉት ግን ቄሱም ሕፃኑም ተንቀሳቅሰው ፊታቸው አይለይም። የእጅህ ጥፋት አይደለም። ኪት ሌንስ 55 ሚሊሜትር ላይ ስታደርሰው የሚከፈተው እስከ ኤፍ 5.6 ብቻ ነው፤ የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ነው ሌንሱ ሰፍቶ የሚከፈተው። ርካሹ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ግን ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ያኛው 1/10 ሰከንድ ላይ ሲያስገድድህ፣ ይኼኛው 1/100 ላይ ያሠራሃል። በ1/10 ሰከንድ ውስጥ ጽናውም ይወዛወዛል፣ ሕፃኑም ይዞራል። ፍላሽ ልትል ትችላለህ። ቅዳሴ መሃል ፍላሽ የሚያበራ ሰው እኔ ደስ አይለኝም። አዲስ ቦዲ በጨለማ ትንሽ ያግዝሃል፤ አሥር እጥፍ ግን አይሰጥህም።

«ካኖን ይሻላል ሶኒ?» ብለሃል። ሁለቱም ጥሩ ይሠራሉ፣ ኒኮንም እንደዚያው። ካሜራ ስትገዛ ግን የሌንስ መግጠሚያውን አብረህ ነው የምትገዛው፤ ከዚያ በኋላ የምትገዛው ሌንስ ሁሉ እሱን ይከተላል። ስለዚህ እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው፦ ሌንስ ቢቸግርህ ከማን ትዋሳለህ? ሰርግ ላይ የምታግዛቸው ልጆች በሙሉ የካኖን ኢኤፍ ሌንስ ነው የያዙት። እንግዲህ መልሱ በእጅህ ነው። ኢኤፍ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ መግጠሚያ ነው። እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ድረስ የተሠሩት የኢኤፍ ሌንሶች 100 ሚሊዮን ሞልተዋል። ያገለገለ ሌንስ እንደ ልብ የሚገኘው ለዚህ ነው። ነገ ወደ ካኖን ሚረርለስ ብትሻገርም በአዳፕተር ይገጥማሉ፣ አውቶፎከሱም ይሠራል። የምትገዛው ነገር አይባክንም።

ያ የቢሮህ ልጅ ርካሽ ኒኮን አግኝቼልሃለሁ ካለህ ደግሞ ተጠንቀቅ። የዲ3000 እና የዲ5000 ተከታታዮች ቦዲያቸው ውስጥ የፎከስ ሞተር የላቸውም። የድሮዎቹን ርካሽ ኤኤፍ-ዲ ሌንሶች ብትገጥምላቸው ፎከሱን በእጅህ ነው የምታዞረው።

እኔ ብሆን ያገለገለ ካኖን 6ዲ እገዛለሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ነው፣ 20 ሜጋፒክስል። ለትልቅ ሕትመት ይበቃል፣ በጨለማም የመሃል ፎከሱ ጎበዝ ነው። ፉል ፍሬም መሆኑ፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ ትልቅ መሆኑ፣ አንተን በተለይ ይጠቅምሃል። በትንሹ ሴንሰር ላይ 50 ሚሊሜትር እንደ 80 ሆኖ ይጠብባል። የሰው ሳሎን ውስጥ ቤተሰብ ልታነሳ ወደ ኋላ ስትል ግድግዳው ይይዝሃል። ቪዲዮ ዋና ሥራህ ቢሆን ግን 6ዲን አልመክርህም፤ ሲቀርጽ ፊትን እየተከተለ ፎከስ አያደርግም። ያኔ ካኖን 70ዲ ይሻልሃል። አንተ ግን ፎቶ ነው የምትለው።

ከብሩ ግማሹን ለቦዲ አውጣ። በቀረው መጀመሪያ 50 ኤፍ 1.8 ያዝ፤ ኤስቲኤም የሚለውን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ከተረፈህ 85 ኤፍ 1.8። ለሙሽሮች ፊት እንደ እሱ የምወደው የለም። ለሰርግ 24-70 ዙም ሌንስ ካስፈለገህ ለዕለቱ ተከራይ፤ ሥራው ራሱ ኪራዩን ይከፍላል። ሁለተኛ ባትሪና ሁለት ሚሞሪ ካርድ ደግሞ እንዳትረሳ። ሙሽራ ፊት ባትሪ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል አይቼዋለሁ።

ያገለገለ ሌንስ ስታይ አትቸኩል። እኔ አንድ ጊዜ ቸኩዬ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ቤት ገብቼ ሳየው ውስጡ የሸረሪት ድር መስሏል። ፈንገስ ነበር። ሻጩም አልመልስም አለኝ። ከሁለት ወር ገቢዬ በላይ ነበር፣ አሁንም ይቆጨኛል። አንተ የስልክህን መብራት አብራና ሌንሱን ከፊትም ከኋላም እየተመለከትክ አዙረው። ትንሽ አቧራ አያስጨንቅህ። ድር የመሰለ ወይም ጭጋግ የለበሰ ካየህ ተወው። የኋላው መስታወት ላይ ያለ ጭረት ከፊተኛው ይብሳል። የራስህን ካርድ ይዘህ ሂድ። ጋዜጣ ጠረጴዛ ላይ ዘርጋና በሰያፍ ቆመህ በኤፍ 1.8 አንሳው፤ ፎከስ ያደረግህበት መስመር ራሱ ጠርቶ መውጣት አለበት። ፎቶዎቹን ቤት ወስደህ በኮምፒውተር አይተህ ነው የምትከፍለው። ሻጩ ይህን እምቢ ካለ፣ ደህና ዋል በለው።

ከገዛህ በኋላም በክረምት ሌንሱን ቆዳ ቦርሳ ውስጥ ዘግተህ አትተወው። ፈንገስ ጨለማና እርጥበት ነው የሚወደው። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚወጡትን የሲሊካ ጄል ከረጢቶች እዚህ ሳጠራቅምልህ ከርሜአለሁ።

እነሱን ከሄልዮሷ ጋር በሹራብ ጠቅልዬ ለአክስትህ ሰጥቻታለሁ፤ ሐሙስ በአውቶቡስ ትመጣለች። 6ዲ ላይ ለመግጠም ኤም42 ወደ ኢኤፍ የሚባል ስስ ቀለበት ያስፈልግሃል። ፎከሷ በእጅ ነው፣ ቀስ ብለህ አዙራት። መጀመሪያ አክስትህን አንሳልኝና ላክልኝ።

እናትህ
ደሴ