ሁለቱ ካሣዎች

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ ከሁሉም በላይ እማማ እንደምን አሉልኝ? እኔ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆትህና ከአንድ እፍረት በቀር ብል ይሻላል። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁት ሥራ በዝቶብኝ ወይም ኔትወርክ አስቸግሮኝ አይደለም። አፍሬ ነው።

ያኔ ሌሊት ከእንቅልፍህ ቀስቅሼ «አምስተኛ ቤት ላይ እንገናኛለን፣ ካሣ የሁለታችንም ነው!» ያልኩህን አትረሳውም። እማማ ስልኩን ነጥቀውህ እልልታቸውን አቀለጡት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ሲልኩልኝ «ለሥጋ ዘመዴ» እያሉ ነው። ልጅህም የዘር ሐረጉን ኮምፒውተር ላይ ሠርታ ላከችልኝ። እንግዲህ ስማኝ፤ ዘመዶች አይደለንም። በካሣ በኩልስ አይደለንም።

የእኛው ካሣ፣ አክስቴ እንደሚሉት፣ የሞተው በክፉ ቀን ነው። የእናንተው ካሣ አድዋ ዘምቶ መመለሱን ደግሞ እማማ ከአባታቸው ሰምተዋል። ስማቸው አንድ፣ አገራቸው መንዝ፣ ዘመናቸውም የተቀራረበ ነውና አንድ ሰው አደረግኋቸው። (የአፄ ቴዎድሮስም የአፄ ዮሐንስም የቀድሞ ስም ካሣ እንደነበር እያወቅሁ፣ መንዝ ውስጥ አንድ ካሣ ብቻ የኖረ መሰለኝ!) ዘመኑን ላጣራ ብዬ አንድ የፈረንጅ መጽሐፍ ብገልጥ፣ ክፉ ቀን የሚባለው ታላቁ ረኃብ ከ1888 እስከ 1892 ነው ይላል። አድዋን ማንም ተማሪ ያውቀዋል፤ የካቲት 23 ቀን 1888። ስለዚህ ካሣ ዘመተ፣ ድል አድርጎ ተመለሰ፣ ከዚያ በረኃቡ ሞተ። ልክክ አለልኝ። የልጅህም ኮምፒውተር አንዳች ቅር አላለውም።

አየኸው? የመጽሐፉ 1888 በእነሱ አቆጣጠር ነው፤ ክፉ ቀን በእኛ ከ1880 እስከ 1884 ነው። አድዋም በእነሱ ማርች 1 ቀን 1896 ነው። አንዱን በእነሱ፣ ሌላውን በእኛ ቆጥሬ፣ ከሞተ ቢያንስ አራት ዓመት ያለፈውን ሰው አድዋ አዘመትኩት። የነቃሁት ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. እያልኩ መጻፍ ስጀምር ነው። ያን መጀመሪያ ባደርገው ኖሮ ይኸ ሁሉ ባልመጣ።

ወዲያው እጄን የሰጠሁ እንዳይመስልህ። አክስቴ ዘንድ ሄጄ «ክፉ ቀን ያሉኝ የኅዳር በሽታን ይሆን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። የኅዳር በሽታ በ1911 ስለሆነ ካሣዬን ከአድዋ መልሶ ለማሳደር ይበቃኝ ነበር። «ወግድ!» አሉኝ። «ከብቱ አልቆ ሰው በዶማ የቆፈረበት፣ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ የያዙበት ነው እንጂ!» አሮጊቷ አልተሳሳቱም። ዓመት የሚባል ነገርም ከአፋቸው አልወጣም፤ ዓመቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ያሞኘኝ ሌላም ነገር ነበር። ከአያቴ ሳጥን የተገኘች ማኅተም ያረፈባት ወረቀት አለች፤ የእናንተን አያት የካሣ ልጅ ብላ ከእኛዎቹ ጋር ትደረድራለች። ማኅተሙን አይቼ አመንኩ። የርስት ክርክር ወረቀት መሆኗን ግን አላሰብኩበትም። ርስት እኮ በአባትም በእናትም ወደ አቅኚው አባት ቆጥሮ የደረሰ ሁሉ የሚካፈለው ነበር፤ ሙግት የያዘ ሰው ወገን ለማብዛት አንድ ልጅ ቢጨምር ምን ይገርማል? በየካቲት 1967ቱ አዋጅ መሬቱ ሄደ፤ የተጨመረው ልጅ ግን እኔ ዘንድ ቀረ። መሬቱን ሳልወርስ ውሸቱን ወረስኩልህ።

ልጅህን አደራ፣ እንዳትሰርዘው በላት። መስመሩን ትተወውና «ስህተት፣ ሁለት ካሣዎች ናቸው፣ ምክንያቱም...» ብላ ጎኑ ላይ ትጻፍበት። ዝም ብላ ካጠፋችው፣ ከዓመት በኋላ አንዱ የአጎት ልጅ አሮጌውን ገልብጦ «ረስታችሁት ነው» እያለ ይመልሰዋል። እኔ ለላክሁላቸው ሁሉ አንድ በአንድ ደውያለሁ። ሪያድ ያለችው የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ቆንጆ ነበር እኮ፣ ለምን ታፈርሰዋለህ?» ብላኛለች።

አሁን የቀረኝ እማማ ናቸው። አክስቴ የእኛው ካሣ በተዝካሩ የተጠራበትን የክርስትና ስም ያስታውሳሉ፤ ጽፌ ይዤዋለሁ፣ ለአንተም ሆን ብዬ አልነግርህም። አንተ የእናንተውን የክርስትና ስም እማማን ጠይቅልኝ። አደራህን መጀመሪያ ጠይቃቸው፣ መርዶውን ከዚያ ንገራቸው። ቀድመህ ከነገርካቸው እኔን ላለማጣት ሲሉ የሚስማማ ስም ፈልገው ያወጡልኛል።

ዘመድህ ያልሆነው ወንድምህ፣
ከደብረ ብርሃን