የረከቦቱ ቀለበት

ይድረስ ለወንድሜ ለሰይድ፤ ኮምቦልቻ

ለአባትህ ለቅሶ ሳልደርስ ሁለት ዓመት ዝም ማለቴን የማስተባብልበት ቃል ስለሌለኝ፣ ይቅር በለኝ ብዬ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ደሴ ከገባሁ ዘጠኝ ቀኔ ነው፤ ሐረጎን ወርጄ ደጅህ መቆም አፍሬ ነው ወረቀት የያዝኩት።

ጉዳዬ የስክሪን ነው። ጎረቤቶቻችን እንደሚሉት ቴሌቪዥን ጠጋኝ አልሆንኩም። ኪውሌድ ተብለው በሚሸጡት ቴሌቪዥኖች ውስጥ ያሉት ኳንተም ዶት የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ብርሃን ሰጪ ቅንጣቶች ከኋላቸው በሚበራ ሰማያዊ መብራት የሚሠሩ ሲሆኑ፣ እኛ የምንደክመው ቅንጣቶቹ ኤሌክትሪክ ሲደርሳቸው ራሳቸው እንዲያበሩ ነው። የካድሚየም ሴሌናይድ ቅንጣት ስድስት ናኖሜትር ገደማ ሲሆን ቀይ፣ ሁለት ገደማ ሲሆን ሰማያዊ ይሰጣል።

ቅንጣቶቹን በፈሳሽ በትነን በኢንክጄት ማተሚያ በየፒክስሉ ጉድጓድ እናንጠባጥባለን። ጠብታው ሲደርቅ ግን ቅንጣቱ ሁሉ ወደ ዳር ሸሽቶ መሃሉ ይሳሳል፤ ኤሌክትሪኩም ብርሃን ሳይሰጥ በሳሳው በኩል ይሾልካል። አራት ወር በዚህ ታሰርኩ። ጥፋቱን በማሽኑ ማሳበቤን ላንተ ብቻ እናዘዛለሁ።

ትናንት እማዬ በረካውን ስትቀዳ ረከቦቱ ላይ የደረቀች የቡና ጠብታ አየሁ፤ ዳሯ ጥቁር ቀለበት፣ መሃሏ ባዶ። ችግራችን በሙያው ዘንድ የሚጠራውም በዚሁ በቡና ቀለበት ስም ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳብራሩት፣ የጠብታው ዳር ከያዘበት ሳይነቃነቅ ፈጥኖ ስለሚተን፣ የጎደለውን ሊሞላ ከመሃል የሚፈሰው ፈሳሽ ቅንጣቱን ጠርጎ ይወስደዋል። ይህን ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ የገባኝ ግን ረከቦቱ ዘንድ ተቀምጬ ነው።

ዘግይቶ የሚተንና የገጽ ውጥረቱ (ገጹ ፈሳሹን ወደ ራሱ የሚስብበት ኃይል) ያነሰ ሁለተኛ አሟሚ ቢቀላቀል፣ ዳሩ ላይ እርሱ እየበዛ ሲሄድ ፈሳሹን ወደ መሃል ይመልሰዋል። የቸገረኝ ያገኘሁት አሟሚ ሁሉ ከሥር የተነጠፈውን ፖሊመር አብሮ ማሟሟቱ ነው። አንተ ቀለም ስትቀምም፣ ላይኛው ሽፋን የታችኛውን እንዳያፈርስ አሟሚውን የምትመርጠው በምን ነው? ኬሚስትሪን ካንተ ገልብጬ እንዳለፍኩ ታውቃለህ፤ አሁንም ልገለብጥ ነው።

እንዲህ ብዬ ስጽፍ ለአሟሚ ብዬ ያስታወስኩህ ይመስላል… በከፊልም እውነት ነው። እሁድ ጠዋት እመጣለሁ። መጀመሪያ እናትህ ዘንድ ለቅሶዬን ልድረስ፤ ስለ አሟሚው፣ ካላባረርከኝ፣ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

ያው ወንድምህ