ፍላሹ የእኔ ነበር

የካቲት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ስለ ኮምፒውተርና ስልክ ደህንነት

ውድ ወላጆች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የአንደኛው መንፈቅ ዓመት ካርድ ለምን አንድ ሳምንት እንደዘገየ ብዙዎቻችሁ ደውላችሁ ጠይቃችሁኛል። "የሲስተም ችግር ገጥሞን ነው" ነበር መልሴ። ውሸት አይደለም። ግን ሙሉውን አልነገርኳችሁም። ችግሩን ሲስተሙ ላይ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥር አጋማሽ ላይ አስቸኳይ ደብዳቤ ማተም ነበረብኝ። የቢሮው ፕሪንተር ቀለም ጨርሷል። ፍላሼን ያዝኩና በር ላይ ወዳለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። አሳትሜ ስመለስ ያንኑ ፍላሽ የፈተና ውጤት የሚሞላበት ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። ፎልደሮቼ በሙሉ ጥጋቸው ላይ ትንሽ ቀስት አብቅለዋል። ገረመኝ። አንዱን ስጫነው ግን ፋይሌ እንደወትሮው ተከፈተ። እሰይ ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ያ ቀስት "ሾርትከት ቫይረስ" የሚሉት ነው። ተንኮሉ ይገርማል። እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና እሱን የሚመስል ሌላ ያስቀምጣል። ስትጫኑት በመጀመሪያ ራሱን ኮምፒውተሩ ላይ ይተክላል። ከዚያ የፈለጋችሁትን ፋይል ይከፍትላችኋል። ምንም የተበላሸ ነገር ስለማይታይ ማንም አይጠረጥርም። ከዚያ በኋላ እዚያ ኮምፒውተር ላይ የተሰካ ፍላሽ ሁሉ ይዞት ይወጣል። በሁለት ቀን የስድስት መምህራን ፍላሽ ተያዘ።

አንዷ መምህርት ፋይሎቿን ስታጣ ደነገጠች። አጠገቧ የነበረ ሰው "ፎርማት አድርጊው፣ ይስተካከላል" አላት። አደረገችው። ፋይሎቹ እኮ አልጠፉም ነበር፤ ተደብቀው ነው። የጠፉት ፎርማት ሲደረግ ነው። የሁለት ክፍል ማርክ በዚያው ሄደ። ያዳነን በእስክሪብቶ የተሞላው ማርክ ሊስት ነው። ከመሳቢያ ወጥቶ እንደገና አንድ በአንድ ተመዘገበ። ካርዱም በዚህ ምክንያት ዘገየ።

ፍላሽ ቫይረስ ቢይዝ አያሳፍርም፤ ማንንም ይገጥማል። የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው። በማግስቱ ወሬው ሲነሳ የመጣው ከእኔ ፍላሽ መሆኑ ገብቶኛል። አልተናገርኩም። ዳይሬክተር ነኛ! ሁለት ቀን ዝም አልኩ። የተዛመተውም በዚያ ሁለት ቀን ነው።

በሦስተኛው ቀን ለአይሲቲ መምህራችን ነገርኩት። አልሳቀብኝም። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሲያይ ቆየና "ጋሼ፣ ይሄ በር እኮ ድሮም ክፍቱን ነው የኖረው" አለኝ። ከዊንዶውስ ጋር በነፃ የሚመጣው ፀረ ቫይረስ፣ ዲፌንደር የሚባለው፣ ጠፍቷል። ያጠፋው ደግሞ ቫይረሱ አይደለም። ኮምፒውተሩን የጫነልን ሰው ኦፊሱን በክራክ፣ ማለትም የሚከፈልበትን ፕሮግራም ሳይከፈል በሚያስከፍት ሕገወጥ ፕሮግራም፣ ሲከፍት አጥፍቶት ሄዷል። ክራኩ ፀረ ቫይረሱ ካልጠፋ አልሠራም ይላላ። እስቲ አስቡት፣ "ዘበኛውን ካላስወጣችሁ አልገባም" የሚል እንግዳ ቢመጣ ማን ያስገባዋል? እኛ አስገብተን ሦስት ዓመት አስቀምጠነዋል።

ቤታችሁ ያለው ኮምፒውተርም በዚሁ መንገድ ተጭኖ ሊሆን ይችላል። ልጃችሁ "ዊንዶውስ ሴኩሪቲ" ብሎ ይፈልግና ያሳያችሁ። ጠፍቶ ከሆነ አብሩት።

ሌላው አፕዴት ነው። "ዳታ ይበላል" ብለን አጥፍተነዋል። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ እንደዚያ ነበርኩ። የአይሲቲ መምህሩ የዋናክራይን ታሪክ ሲነግረኝ ሐሳቤን ቀየርኩ። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. የጀመረ ጥቃት ነው። በ150 ገደማ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮች ላይ ያለውን ፋይል ቆለፈና 300 ዶላር በቢትኮይን፣ በኢንተርኔት በሚተላለፍ ዲጂታል ገንዘብ፣ ክፈሉ አለ። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች በሽተኛ እስከ መመለስ ደርሰዋል። የሚያንገበግበው ግን ቀኑ ነው። ማይክሮሶፍት ጥቃቱ የገባበትን የዊንዶውስ ቀዳዳ የሚደፍነውን አፕዴት የለቀቀው መጋቢት 5 ነበር። ሁለት ወር ገደማ ጊዜ ነበረ ማለት ነው። ስለዚህ የሌሊት ፓኬጅ ስትገዙ አንዱን ሌሊት ለኮምፒውተሩ ስጡት።

በዚህ አጋጣሚ፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ኮምፒውተሩ አሁንም ይሠራል፤ አዲስ ቀዳዳ ሲገኝበት ግን እንደ ድሮው የሚደፍንለት የለም። የአይሲቲ ላባችን ግማሽ ያህል ማሽን አርጅቶ ዊንዶውስ 11 አይቀበልም። ለአሁኑ እነሱን ከኢንተርኔት ነቅለን ለጽሑፍ ልምምድ ብቻ አውለናቸዋል።

አሁን ወደ ስልክ ልምጣ። ለእናንተ የበለጠ የሚቀርበው እሱ ነው።

ባለፈው ወር በሰባተኛ ክፍል የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የአንዲት እናት ስም "ልጄ ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጡልኝ" የሚል ሊንክ ለቀቀ። ቀጥሎ በግል መልእክት "አምስት ሺህ ብር በቴሌብር ላኩልኝ፣ ማታ እመልሳለሁ" ማለት ጀመረ። አረብ አገር ላለች እህታቸው ሳይቀር ደርሷል። እሷ የላከችው ከሁሉ ይበልጣል። የምጽፈው እናቲቱን አስፈቅጄ ነው።

በኋላ ስናጣራ፣ መጀመሪያ ሊንኩን የነካው ልጃቸው ነው። ከጓደኛው ነው የመጣለት፤ የጓደኛውም አካውንት ተሰርቆ ነበር። ሊንኩ ቴሌግራም የሚመስል ገጽ ከፈተ። ስልክ ቁጥር ጠየቀ። ከዚያ ባለ አምስት አሃዝ ኮድ ጠየቀ። ልጁ በእናቱ ስልክ የመጣውን ኮድ አስገባ። ወዲያው "ምን አደረግኩ?" ብሎ ደነገጠ። ግን እናቱን ፈራ። ተኛ። በማግስቱ ማታ እናቱ ከገዛ አካውንታቸው ተባረሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ቴሌግራም አዲስ የገባ መሣሪያ የቆዩትን ወዲያው እንዲያስወጣ አይፈቅድለትም፤ 24 ሰዓት ማለፍ አለበት። ያ ሌሊት የእናቲቱ ነበር። ልጁ ያኔውኑ ተናግሮ ቢሆን ሴቲንግ ውስጥ "ዲቫይስስ" የሚለውን ከፍተው የማያውቁትን ስልክ በአንድ ጣት ያስወጡት ነበር። ልጁ አንድ ቀን ዝም አለ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሁለት ቀን ዝም ብያለሁና አልፈርድበትም።

ስለዚህ ከእናንተ አጥብቄ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ልጃችሁ "አንድ ነገር ነካሁ" ብሎ ሲመጣ አትቆጡት። ስልኩን አትንጠቁት። ቁጣው ይደርሳል፤ መጀመሪያ አካውንቱን አድኑ። እኛም በትምህርት ቤቱ ይህንኑ ወስነናል፤ ራሱ መጥቶ የተናገረ ተማሪም ሆነ መምህር አይቀጣም። በቀደም አንድ የአስረኛ ክፍል ልጅ ቢሮዬ መጥቶ "ቲቸር ፓስወርዳቸውን ኪቦርዱ ሥር ለጥፈውታል" አለኝ። ገብቶ ማርኩን ማየት ይችል ነበር። ያ ደግሞ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው፤ ልጆቹ ጨዋታ ይመስላቸዋል። አመስግኜ ሸኘሁት። ወረቀቱም ተነሳ።

ቴሌግራማችሁ ላይ "ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን" የሚለውን ክፈቱና የራሳችሁን የይለፍ ቃል ስጡት። ያኔ ኮዱ ቢሰረቅ እንኳ ሌባው በር ላይ ይቀራል። የልደት ቀን አታድርጉት፤ ልጆቻችሁ ያውቁታል። የቴሌብር ፒናችሁንም ስንቶቹ እንደሚያውቁት ብትሰሙ ትደነግጣላችሁ። በየቻናሉ ስለሚለቀቅ የጌም ኤፒኬ (አፕ መጫኛ ፋይል) ብዙ አልልም፤ ከፕሌይ ስቶር ውጭ የመጣ ነገር ስልካችሁ ላይ አይጫን።

የክፍያ ነገር ደግሞ ይኸው፦ ትምህርት ቤቱ የባንክ ሒሳብ ቁጥር በቴሌግራም አይልክም። ቁጥሩ ደረሰኛችሁ ላይ ያለው ብቻ ነው። ከተቀየረ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ በልጃችሁ እጅ ይደርሳችኋል። በእኔ ስምና ፎቶ ሌላ ነገር ቢመጣላችሁ፣ እኔ ነኝ ብዬ ብምልላችሁም፣ ሳትደውሉ እንዳትከፍሉ።

የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት የአይሲቲ ላብ ክፍት ነው። ስልካችሁን፣ ላፕቶፓችሁን፣ ፍላሻችሁን ይዛችሁ ኑ። ፍላሾቹ በር ላይ ተፈትሸው ነው የሚገቡት። የእኔም ጭምር።

ከሰላምታ ጋር

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር