ሰርጅ ፕሮቴክተር ከመግዛት በፊት የመሬት ሽቦው ይታይ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሰርጅ ፕሮቴክተር (ሰርጅ የሚባለውን ድንገተኛ የቮልቴጅ ጭማሪ የሚከላከል መሣሪያ) ያስገባ ሰው ሁሉ ዕቃው ከመብረቅ የዳነ ይመስለዋል። መሣሪያው ግን የመጣውን ኃይል በአብዛኛው ወደ መሬት የሚያሳልፍ በር ነው። ከበሩ ወዲያ መንገድ ከሌለ መግዛቱ ከንቱ ነው። ስለዚህ አንባቢዎቻችሁ ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት የመሬት ሽቦውን እንዲያስፈትሹ አጥብቄ እመክራለሁ።

በብዛት የሚያጋጥመው ጥፋት የሽቦ ርዝመት ነው። ከፌዝ (ኤሌክትሪክ ከሚያመጣው ሽቦ) ወደ መሣሪያው የሚገባውና ከመሣሪያው ወደ መሬት ባር (የመሬት ሽቦዎች ወደሚታሰሩበት ብረት) የሚወጣው ሽቦ ተደምሮ ከ50 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ሰርጅ በማይክሮ ሰከንዶች ውስጥ ከፍ ስለሚል አንድ ሜትር ሽቦ ብቻውን 1,000 ቮልት ገደማ ይጨምራል፤ ሽቦውን ማወፈርም ይህን እምብዛም አይቀንሰውም። መሣሪያው ላይ የሚያሳልፈው ቮልቴጅ 1.5 ኪሎ ቮልት ተብሎ ተጽፎ ሽቦው 1 ሜትር ከሆነ፣ ቴሌቪዥኑ ጋ የሚደርሰው 2.5 ኪሎ ቮልት ነው። ይህ ደግሞ ለተራ የቤት ዕቃ የመጨረሻው ወሰን ነው። እናም መሣሪያው ከመሬት ባሩ ጎን ይተከል፤ ትርፍ ሽቦ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ አይቀመጥ፤ ይቆረጥ። በዋናው ማከፋፈያ ላይ ለሚገባው ታይፕ 2 (የተለመደው የሰርጅ ፕሮቴክተር ዓይነት) ቢያንስ 6 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ያስፈልጋል። ጣሪያው ላይ የመብረቅ መከላከያ ዘንግ ካለ ግን ታይፕ 1 (የመብረቅን ኃይል ራሱን የሚችለው ዓይነት) የግድ ነው፤ የመሬት ሽቦውም 16 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ይሆናል።

ሌላው አደገኛ እምነት «የመሬት ዘንግ ስለተቀበረ ብሬከሩ ይወድቃል» የሚለው ነው። ቤቱ የሚተማመነው በራሱ ዘንግ ብቻ ከሆነና ጠቅላላው ሬዚስታንስ (የመንገዱ ተቃውሞ) 20 ኦም ከሆነ፣ ፌዝ የፍሪጁን አካል ሲነካ 230 ቮልት የሚያሳልፈው 11.5 አምፔር ብቻ ነው። በዚህ 16 አምፔር ብሬከር አይወድቅም፤ የፍሪጁ አካል ኤሌክትሪክ እንደያዘ ይቆያል። ሰው የሚያድነው 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ (ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲፈስ መስመሩን የሚቆርጥ መሣሪያ) ነው። ሰርጅ ፕሮቴክተሩ ከአርሲዲው በፊት ሲገባ ደግሞ 1+1 የሚባለው ዓይነት ይሁን፦ ቫሪስተሩ (ቮልቴጅ ሲበዛ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው ክፍል) በፌዝና በኒውትራል (በመመለሻው ሽቦ) መካከል፣ ስፓርክ ጋፑ (በብልጭታ ብቻ የሚያሳልፈው ክፍተት) በኒውትራልና በመሬት መካከል። አለዚያ ያረጀ ቫሪስተር ፌዙን በቀጥታ ወደ መሬት ሽቦው ያስገባዋል፤ አርሲዲውም አያየውም።

ለአንቴና ወይም ለኮምፒውተር «ንጹሕ መሬት» ብሎ ለብቻው ዘንግ መቅበርም ይቅር። መብረቅ አቅራቢያ ሲወድቅ በሁለቱ ዘንጎች መካከል ብዙ ሺህ ቮልት ሊፈጠር ይችላል፤ የሚያልፈውም በዕቃው ውስጥ ነው። አንቴናው፣ የስልክ መስመሩና የብረት የውኃ ቧንቧው ሁሉ ከአንድ ዋና የመሬት ባር ጋር ይታሰሩ።

ሰርጅ ፕሮቴክተር የማይችለውም አለ። በሦስት ፌዝ መስመር ላይ ኒውትራል ሲበጠስ የአንዱ ቤት ቮልቴጅ ወደ 400 ሊጠጋ ይችላል። ለ275 ቮልት የተሠራ ቫሪስተር ይህን ለደቂቃዎች ሊሸከም አይችልም፤ ይግላል፣ ይቃጠላል። አምራቹ ያዘዘው ፊውዝ ወይም ብሬከር ከፊቱ መኖር ያለበት ለዚህ ነው፤ ዕቃውን ለማዳን ደግሞ የቮልቴጅ ሪሌ (ቮልቴጅ ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጥ መሣሪያ) ለብቻው ይገጠም።

የሰርጅ ፕሮቴክተሩ የምልክት መስኮት ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ከዞረ ካርትሪጁ (ተነቃዩ ክፍል) ይቀየር፤ ቤቱ ውስጥ መብራት መኖሩ መሣሪያው ደህና ነው ማለት አይደለም። ኤሌክትሪሺያኖችም በ500 ቮልት ሜገር (የኢንሱሌሽን መለኪያ) የሽቦውን ኢንሱሌሽን (ሽፋኑ ኤሌክትሪክ አለማሳለፉን) ከመለካታቸው በፊት ካርትሪጁን ይንቀሉት፤ ካልነቀሉት ደህናው ሽቦ የተበላሸ መስሎ ይነበባል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ