የካርቶን ቆሎና የአባዬ ታርጋዎች

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፦

ቀድመው ወደ ዋሽንግተን አካባቢ ስለመጡት ኢትዮጵያውያን የምታወጧቸውን ጽሑፎች አንድ ሳይቀር አነባለሁ። ስለ መጀመሪያዎቹ ምግብ ቤቶች ጽፋችኋል። ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ ስለ እድሩ፣ ስለ ኳስ ቡድኖቹም ጽፋችኋል። እጃችሁ ይባረክ። ግን ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር ይጎድለኛል። በዚያ ሁሉ ውስጥ ልጆች የሉም። እኛም እኮ ነበርን! ወላጆቻችን ሥራ ሲፈልጉና ወረቀት ሲያስጨርሱ እኛም ጠዋት ተነስተን የምንበላው ነበረን። የምንጫወትበትም ነበረን። ስለዚህ የእኛን ቤት ጠረጴዛ ልጽፍላችሁ አሰብኩ። ነገሩ ሲሪያል ነው፤ ፈረንጆቹ ጠዋት በወተት የሚበሉት የካርቶን እህል። በተለይ ደግሞ ካርቶኑ ውስጥ ተቀብሮ የሚገኘው ትንሽ ስጦታ።

የመጣነው በ1982 ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። እኔ 8 ዓመቴ ነበር፤ ታናሽ ወንድሜ 3። ከአዲስ አበባ ወጥተን ሱዳን 2 ዓመት ቆይተናል። ከዚያ አርሊንግተን፣ ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ገባን። አባዬ አገር ቤት የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። እዚህ ዋሽንግተን መሃል ከተማ፣ ከአንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር፣ ፓርኪንግ መሥራት ጀመረ። እማዬ ሆቴል አልጋ ታነጥፍ ነበር።

የመጀመሪያው ሲሪያላችን የመጣው በዊክ ቼክ ነው። ዊክን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ነፍሰ ጡሮችን፣ አራሶችንና 5 ዓመት ያልሞላቸውን ልጆች የሚረዳው የመንግሥት ፕሮግራም ነው። እኛ የምንወስደው በወንድሜ ስም ነበር። በወር እስከ 36 አውንስ ሲሪያል ይፈቀዳል፤ 1 ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። ግን ደስ ያለንን ማንሳት አንችልም። ብረት የበዛበት መሆን አለበት። ስኳሩም በ1 አውንስ ከ6 ግራም መብለጥ የለበትም። እና ቤታችን የሚገባው ቺሪዮስና ኪክስ ነበር።

እማዬ የመጀመሪያ ቀን አንድ እፍኝ ዘግና ቀመሰችው። "ቆሎ ነው እኮ!" አለች። "ጥርስ የማይፈልግ ቆሎ።" ከዚያን ቀን ጀምሮ እኛ ቤት ስሙ "የካርቶን ቆሎ" ሆነ። እስከ ዛሬም ነው።

ረቡዕና አርብ ወተት የለም። ወንድሜ ሕፃን ስለሆነ ይፈቀድለታል። እኔ ግን 7 ዓመት ስላለፈኝ እጾማለሁ። ደረቁን እየቆረጠምኩ ሻይ እጠጣበት ነበር። ያ ጣዕም አሁንም አፌ ላይ አለ። ሻይው ቀረፋና ቅርንፉድ አለው፤ ሲሪያሉ ደግሞ የተቆላ እህል እህል ይላል። አብረው ይሄዳሉ። ትምህርት ቤት ለአንዲት ጓደኛዬ ስነግራት አላመነችኝም።

ስጦታ ያለባቸው ካርቶኖች ሌሎቹ ነበሩ፣ ስኳር የበዛባቸው። ሱፐርማርኬት ስንሄድ ካርቶኖቹ ላይ ባሉት ሥዕሎች በሩቅ አውቃቸዋለሁ። ነብሩ ቶኒ አለ። አፍንጫ ትልቁ ወፍ ቱካን ሳም አለ። ባርኔጣ ያደረገው ካፕቴን ክራንች አለ። ሁሉም በልጅ ዓይን ትክክል ተደርድረዋል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን አባዬ አስነበበኝ፤ "ፍሪ ኢንሳይድ"። በእንግሊዝኛ አንብቤ የተረዳኋቸው የመጀመሪያ ሁለት ቃላት እነዚህ ናቸው። "ፍሪ ማለት ነፃ ነው" አለኝ። እኔ ደግሞ አሜሪካ ስንገባ ነፃ እንሆናለን ሲባል ሱዳን ሰምቻለሁ። "ታዲያ ካርቶን ውስጥ ምን ትሠራለች?" አልኩት። "ይቺኛዋ የገንዘቡ ናት፣ የኔ ልጅ። አይከፈልባትም ማለት ነው" አለኝ። በወር አንዴ፣ ደሞዝ በገባበት ቅዳሜ፣ ከእነዚያ አንዱን ከኪሱ ይገዛልን ጀመር።

መጀመሪያ የወጣልን ስጦታ እማዬን አስደነገጣት። ከሲሪያሉ ጋር አንድ የሚያጣብቅ የጎማ ኦክቶፐስ ሳህኑ ላይ ዱብ አለ። እሷ ምግቡ ውስጥ ባዕድ ነገር የገባ መስሏት አማተበች። ሙሉውን ካርቶን ልትጥለው ስትል አባዬ ከእጇ ወሰደው። ኦክቶፐሱን ግድግዳ ላይ ወረወረው። ተለጠፈ። ከዚያ በእግሮቹ እየተገለባበጠ ቀስ እያለ ወረደ። ወንድሜ ከወንበሩ እስኪወድቅ ሳቀ። እማዬም ሳቀች። ሱዳን ከገባን ጀምሮ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

የዚያን ኦክቶፐስ ታሪክ ያነበብኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ስሙ ዋኪ ዎልዎከር ነው። ኬን ሃኩታ የሚባል ሰው እናቱ ከጃፓን ለልጆቹ የላከችለትን አይቶ መብቱን ገዛ። መሸጥ የጀመረውም እዚሁ ዋሽንግተን ነው። ከዚያ የሲሪያል ኩባንያው ኬሎግ በየካርቶኑ ይከተው ጀመር። አንዲት አያት ከባሕር ማዶ ለልጅ ልጆቿ በፖስታ የላከችው ነገር ነው እኛ ቤት ድረስ የደረሰው። እኛም ያኔ ከአዲስ አበባ የምንጠብቃቸው አያት ነበሩን።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ፖስት የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ሃኒኮምብ የሚባል ሲሪያል አለ፣ የማር እንጀራ ቅርፅ ያለው። በእነዚያ ዓመታት ካርቶኑ ውስጥ ትንንሽ የቆርቆሮ ታርጋዎች ነበሩበት። የእውነተኛው የመኪና ታርጋ ምስል ናቸው፤ የሳይክል ወንበር ሥር የሚታሰሩ። በአንድ ካርቶን የአንድ ክፍለ ግዛት ታርጋ። የትኛው እንደሚወጣ አይታወቅም። እኛ ሳይክል አልነበረንም። የመጀመሪያው የወጣልን ዋዮሚንግ ነው፤ የሚዘልለው ፈረስና ጋላቢው ያሉበት። አባዬ ታርጋውን ተቀብሎ ገለባበጠው። ከዚያ ወረቀት አንስቶ የአሜሪካን ካርታ በእጁ ሳለው። ዋዮሚንግን አሳየኝ። ዋና ከተማዋ ሻየን እንደሆነች ነገረኝ። ሮኪ ተራሮች በየት በኩል እንደሚያልፉ አሰመረልኝ።

በማግስቱ ከሥራ ሲመጣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ "ዛሬ ማንን እንዳየሁ ገምቺ" አለኝ። ሞንታናን አይቷል። አንድ ሰው ከሞንታና ድረስ እየነዳ መጥቶ መኪናውን እሱ ጋ አቆመ። እንደዚህ ብሎ ተጀመረ። በየማታው የቀኑን ታርጋ ይዞልኝ ይመጣል። እኔ ዋና ከተማዋን እናገራለሁ፤ ካላወቅኩ እሱ ይነግረኛል። ሚያዝያ ላይ የቼሪ አበባ ሲፈካ ጎብኚው ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። ያኔ በአንድ ቀን 10 እና 15 ክፍለ ግዛት ይቆጥር ነበር። የአይዳሆ ታርጋ ላይ "ታዋቂ ድንች" ተብሎ እንደሚጻፍ የነገረኝ እሱ ነው። አንድ ቀን ደግሞ የኒው ሃምፕሻየር መኪና አየ። ታርጋው ላይ "ሊቭ ፍሪ ኦር ዳይ" ይላል፤ ነፃ ሆነህ ኑር፣ አለዚያ ሙት። ይህን ሲነግረኝ ትንሽ ዝም አለ። "ያቺ ፍሪ ናት?" አልኩት። "አይ፣ ይቺኛዋ የገንዘቡ አይደለችም" አለኝ።

አዘጋጆች ሆይ፣ ይህን በደንብ እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። ሰውየው አስተማሪ ነው። ክፍል ሙሉ ተማሪ ቆሞ ሲያስተምር የኖረ። እዚህ ቀኑን ሙሉ ምድር ቤት ውስጥ የሰው መኪና ሲያቆምና ሲያወጣ ይውላል። ስሙን የሚጠይቀው የለም። ማታ ግን ተማሪ አለችው። ትምህርቱ ደግሞ ከዚያው ከሥራው የሚወጣ ነው። ያንን ክፍል የከፈተልን ከሲሪያል ካርቶን የወጣ የአንድ ጣት ያህል ቆርቆሮ ነው። እኔ አባቴ በሚሠራው ሥራ አፍሬ አላውቅም። ትምህርት ቤት "አባትሽ ምን ይሠራል?" ስባል፣ "የሁሉንም ክፍለ ግዛት መኪና ያውቃል" እል ነበር። እውነቴን ነበር።

በፖስታ የሚመጣም ስጦታ ነበር። የካርቶኑን ክዳን ቆርጦ፣ ሳንቲም ጨምሮ መላክ ነው። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ጠብቁ ይላል። ፖስታው ወደ ሲሪያል ኩባንያዎቹ ከተማ፣ ወደ ባትል ክሪክ፣ ሚሺጋን ይሄዳል። የፖስታ ሳጥኑን ለመክፈት እኔና እማዬ አብረን እንወርዳለን። እሷ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ ትጠብቃለች። እኔ ከባትል ክሪክ። የእኔ ሁልጊዜ ይደርስ ነበር። የእሷ ግን አንዳንዴ አይደርስም።

ስለ ባትል ክሪክ ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሳነበው እኔንም አስደንቆኛል። ጆን ሃርቪ ኬሎግ የተባለው ሐኪም እዚያ የአድቬንቲስቶችን ትልቅ የሕክምና ማዕከል ይመራ ነበር። ሥጋ አይበላም፤ ለበሽተኞቹም የእህል ምግብ ይፈልግላቸው ነበር። በ1894 ከወንድሙ ከዊል ኪት ጋር፣ የተቀቀለ ስንዴ አድሮባቸው ሲዳምጡት እየተቀረፈ ወጣ። እንደ ስስ ቅርፊት ያለው ሲሪያል ከዚያ የመጣ ነው። ዊል ኪት በ1906 ኩባንያውን አቋቋመ። በ1909 ደግሞ ሁለት ካርቶን ለገዛ ሰው አንዲት የልጆች መጽሐፍ መስጠት ጀመረ፤ ገጾቿ ሲገለጡ የእንስሳቱ ራስና እግር የሚቀያየርባት። የስጦታው ነገር እንደዚያ ነው የተጀመረው። እኔ ደግሞ የተወለድኩት ዘውዲቱ ሆስፒታል ነው። ያኔ ሆስፒታሉን የሚያስተዳድሩት አድቬንቲስቶች ነበሩ። እማዬ ይህን ስነግራት፣ "ታዲያ ከጥንትም ዘመድ ነን በይኛ" አለች።

አባዬ የወደደው ግን ሌላውን ነው። በ1955 ኩዌከር ኦትስ የተባለው የሲሪያል ኩባንያ በየካርቶኑ የመሬት ሰነድ ከትቶ ነበር። ካናዳ፣ ዩኮን ውስጥ የ1 ካሬ ኢንች መሬት። 21 ሚሊዮን ሰነድ ታተመ። መሬቱ በ1965 ግብር ስላልተከፈለበት ተወሰደ፤ ዕዳው 37 ዶላር ከ20 ሳንቲም ነበር። አባዬ ይህን ስነግረው ወዲያው አትላሱን አወጣ። መሬቱ አካባቢ ያለችውን ዶውሰን ከተማን በጣቱ ፈልጎ አሳየኝ። 

የስኳሩን ነገር አልክድም። ከክብደቱ ግማሽ በላይ ስኳር የነበረ ዓይነት ነበር፤ ለልጅ የሚሆን አይደለም። እኔም ለልጆቼ ጠዋት የምሠራላቸው ቅንጬ ነው። ደግሞም ስጦታው ዛሬ ከካርቶኑ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ሕፃን ያንቃል የሚለው ስጋት አለ፣ ወጪው አለ፣ ልጆቹም ወደ ስክሪን ዞረዋል። በ1996 ቼክስ ከሚባለው ሲሪያል ካርቶን የኮምፒውተር ጨዋታ ሲዲ ሲወጣ እኔ ኮሌጅ ነበርኩ። ወንድሜ ሲዲውን እያሳየኝ፣ "ይሄ ደግሞ ሳይክል ላይ የት ይታሰራል?" አለኝ። ስለ ሲሪያል ኩባንያዎች ላመሰግን ወይም ላማርር አይደለም የጻፍኩት። እኛ ልጆቹ ጠዋት ያንን ስንበላ አጠገባችን ማን እንደነበረ እንዲጻፍ ነው።

እና የምለምናችሁ ይህንን ነው። በዚያ ዘመን ልጅ ለነበርን አንድ ገጽ ክፈቱልን። የፓርኪንግ ሠራተኛ ልጆች ይጻፉ። የታክሲ ነጂ ልጆች ይጻፉ። ዳላስ፣ ሎስ አንጀለስና ሲያትል ያደጉትም ይጻፉ። አባቶቻችን ማታ ምን ይነግሩን እንደነበር ጠይቁን። ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት አሉና እነሱንም ጠይቋቸው፣ ሳይረፍድ።

አባዬ አሁን 77 ዓመቱ ነው። 14 ታርጋዎቻችን በቡና ቆርቆሮ ውስጥ እሱ ጋ ናቸው። ዋዮሚንግ፣ ኦሪገን፣ ሜይን፣ ሌሎችም አሉ። የምንኖርባት ቨርጂኒያ ግን አልወጣችልንም። ስንት ካርቶን ጨረስን፤ እምቢ አለች። ኢንተርኔት ላይ ሲሸጡ አይቻለሁ። አባዬን ልግዛልህ ብለው፣ "ከካርቶን ካልወጣች ምን ዋጋ አላት?" አለኝ። ከአንባቢዎቻችሁ መካከል በልጅነቱ ከሃኒኮምብ ካርቶን ቨርጂኒያ የወጣችለት ካለ፣ ታርጋዋን አልጠይቀውም። ፎቶዋን አንስቶ ለእናንተ ይላክልኝ፤ ምን ቀን እንደወጣችለት፣ ማን አብሮት ተቀምጦ እንደነበርም ይጻፍበት። ለአባዬ አነብለታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አንባቢያችሁ
አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ