ያችን ማንሻ በተመለከተ

ወዳጄ፣ እንደምን ከረምክ?

ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጠፋሁብህ። ዛሬ እደውላለሁ፣ ነገ እደውላለሁ ስል ጊዜው ሄደ። ይቅር በለኝ። ሰሞኑን ከነጠላ መኪና ወርደህ ባለ ተሳቢ መያዝህን ሰማሁ። በጣም ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ሆዴን ባር ባር አለው።

ጋቢና ውስጥ አጠገቤ ቁጭ ብለህ፣ ከመሪው ሥር ያለችው ማንሻ ምን እንደምትሠራ የጠየቅከኝ ትዝ ይልሃል? «የተሳቢው የእጅ ፍሬን ናት፤ ቁልቁለት ላይ በእሷ ያዘው፣ ወደ ኋላ ይጎትትልሃል» አልኩህ። እኔም እንደዚያው ነበር የተነገረኝ። ስህተት ነው፣ ወንድሜ። ይህን ሳልነግርህ መቅረት አልችልም።

አንድ ቀን በዝናብ ቁልቁለት እየወረድኩ እንደ ልማዴ ሳብኳት። ተሳቢው ባዶ ነበር። ባዶ ሲሆን ጎማው ቶሎ ይቆለፋል። በስፖኪዮ ሳይ የተሳቢው ጭራ መስመሩን ለቆ ወደ ጎን እየወጣ ነው። የተቆለፈ ጎማ ወደ ጎን የሚይዘው ነገር የለውም፣ መንሸራተት ብቻ ነው። ማንሻዋን ለቀቅኩ፣ እግሬንም ከፍሬን አነሳሁ። ጎማው መሽከርከር ሲጀምር መሬት ያዘና ተሳቢው ከኋላዬ ተሰለፈ። ደግነቱ ከፊት የሚመጣ መኪና አልነበረም። ያን ቀን መኪናዬን ዳር አቁሜ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ፤ የነገርኩህም ነገር ትዝ አለኝ።

የእግር ፍሬን ለሳቢውም (ለፊተኛው መኪና) ለተሳቢውም ጎማ ሁሉ ፍሬኑን የሚያስይዘውን የታመቀ ንፋስ ይልካል። ማንሻዋ ግን ለተሳቢው ብቻ ነው የምትልከው። ቁልቁለት ላይ በእሷ ከያዝክ መኪናውን የመያዙ ሸክም በሙሉ በተሳቢው የፍሬን ሸራ ላይ ይወድቃል። ሸራው ተጭኖ የሚይዘው፣ ከጎማው ጋር የሚዞረው ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራውም ይርቃል። በጣም ስትፈልገው አይዝልህም። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ቀንስ፣ የሞተር ፍሬኑን ክፈት። 60 ላይ ልወርድ ካልክ፣ 60 ሲደርስ በእግርህ ጠንከር አድርገህ ረግጠህ 52 ገደማ ሲሆን ልቀቅ። አሁንም 60 ሲደርስ ድገመው። ተሳቢው ሲወጣብህ «በእጅ ልመልሰው» የሚሉ አሉ፤ እጅህም ወደ ማንሻዋ መሄዱ አይቀርም። አትንካት። ጎማው የሚፈልገው መሽከርከር ነው።

ታዲያ ለምን ተሠራች? ዋናው ሥራዋ መፈተሽ ነው። ተሳቢውን ቀጥለህ ቱቦዎቹን ካገናኘህ በኋላ ማንሻዋን ሳብ። በዝቅተኛው ማርሽ ቀስ ብለህ ወደ ፊት ጎተት አድርግ። ተሳቢው እምቢ ማለት አለበት። ተሳቢውን ከሳቢው ጋር የሚያያይዘው መቆለፊያ እንደያዘና ንፋሱ እንደደረሰ በዚህ ታውቃለህ። ከዚያ በለጥ ባለ ቦታ፣ በእግር ከመሄድ ትንሽ በፈጠነ ፍጥነት ልቀቀውና በማንሻዋ ብቻ ያዝ። በእግር ፍሬን ብትሞክረው ሳቢው ራሱ ስለሚይዝ የተሳቢው ፍሬን ይሥራ አይሥራ አይታወቅህም። ማንሻዋ ለይታ ታሳይሃለች። እኔ ይህን ሳላደርግ አልነሳም።

ዳገት ላይ ቆመህ ስትነሳም ትጠቅማለች። ፍሪሲዮኑ እስኪይዝ ወደ ኋላ እንዳትንሸራተት ያዝባት፣ ሲይዝ ልቀቃት።

ለማቆሚያ ግን በፍጹም! «ሁለት ደቂቃ ነው» ብለህ በእሷ አስይዘህ እንዳትወርድ። እሷ የምትይዘው በንፋስ ነው። ንፋስ ቀስ በቀስ ያፈሳል፣ ሲያልቅ ፍሬኑ ይለቃል። የማቆሚያው ፍሬን የሚይዘው ግን በብረት ሞላ (በተጠመጠመ ስፕሪንግ) ግፊት ነው። ንፋስ የሚያስፈልገው ለመልቀቅ እንጂ ለመያዝ አይደለም። ማቆሚያውን ሳብ። ተሳቢው አሮጌ ሆኖ የሞላ ፍሬን ከሌለው ደግሞ ታኮ ሳታደርግበት አትራቅ።

ነገ ከመነሳትህ በፊት ሞክራትና ንገረኝ። ዘግይቶ የሚይዝ ወይም ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከመሰለህ እንደዚያው ይዘኸው መንገድ አትግባ፤ ደውልልኝ። ስልኬ ያው የድሮው ነው፣ ማታም ቢሆን አነሳለሁ።

ወዳጅህ